የአጥቢያችሁን ማርያም አታፍርሱ፤ ጣራዋን አስተካክሉ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «በደቡብ ጎንደር በምትገኝ የገጠር አጥቢያ ተወልጄ አሁን በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። የአጥቢያችን ማርያም በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተሠራች አባቶች ይናገራሉ። ክብ ናት፤ ግድግዳዋ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ጣራዋ ድሮ ሣር ነበር፣ በደርግ ጊዜ ቆርቆሮ ሆነ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የቆዩ ሥዕሎች አሉ። አሁን ጣራው ያፈሳል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ሥዕሎቹም ከፊሎቹ ተላቀው ተንጠልጥለዋል። ሰበካ ጉባኤው አፍርሶ ሰፊ የብሎኬት ሕንፃ ለመሥራት አስቧል፤ እኛም በውጭ ያለን ተወላጆች ገንዘብ አሰባስበናል። ሥዕሎቹን አንድ ሠዓሊ በዘይት ቀለም ሊያድሳቸው ተስማምቷል። የሕንፃዋን ዕድሜ በምርመራ ማረጋገጥ ይቻላል? ታቦቱ እስካለ ድረስስ ሕንፃው ቢቀየር ምን ይጎድላል?»

የዘረዘሯቸው ጉዳቶች ሁሉ የአንድ ችግር ልጆች ናቸው፤ እሱም ውኃ ነው። ጣራ ማፍሰሱ፣ ግድግዳ መሰንጠቁና ሥዕል መላቀቁ የእርጅና ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ብዙ አጥቢያ «አርጅታለች፣ ትፍረስ» ወደሚል ውሳኔ ይቸኩላል። ነገር ግን የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ከላይ ኮፍያው ከታች ደግሞ እግሩ ደረቅ ከሆነ ለመቶ ዓመታት ይቆማል። ስለዚህ በመጀመሪያ የዕድሜውን ጉዳይ፣ ቀጥሎም የጥገናውን እመልሳለሁ።

«በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ተሠራች» የሚለው ትውፊት ሐሰት ነው አልልም። እኚህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነግሠዋል፤ የእመቤታችንን በዓላት አጽንተዋል፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አድርገዋል። በዚያ ዘመን በማርያም ስም የተተከለ ደብር ቢኖር አያስገርምም። ስሕተቱ የደብሩን ዕድሜ የሕንፃው ዕድሜ አድርጎ መውሰዱ ላይ ነው። በአንድ አጥቢያ ውስጥ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ዕድሜዎች አሉ፦ ቦታው የተቀደሰበት፣ ታቦቱ የገባበት፣ ግድግዳው የቆመበት፣ ሥዕሉ የተሣለበትና መጻሕፍቱ የተጻፉበት። እነዚህ አልፎ አልፎ ይገጥማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይገጥሙም።

ከሁሉ የታወቀችውን ይውሰዱ። የአክሱም ጽዮን መሠረቷ ወደ 4ኛው ክፍለ ዘመን ይቆጠራል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ያያት ባለ አምስት ረድፍ ታላቅ ሕንፃ ግን በግራኝ ጦርነት ጠፍታለች፤ ዛሬ ቆማ የምናያት አሮጌዋ ጽዮን የ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ የአፄ ፋሲል ሥራ ናት። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የአክሱም ጽዮንን ክብር አንድም አልቀነሰባትም። የእርስዎም አጥቢያ እንዲሁ ናት። የደቡብ ጎንደር አካባቢ እስከ እ.ኤ.አ. 1543ቱ የወይና ደጋ ውጊያ ድረስ የዚያ ጦርነት መተላለፊያ ነበር፤ ከዚያም በኋላ የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን በመብረቅና በጧፍ እሳት ስንት ጊዜ እንደሚቃጠል የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል።

የሕንፃው ቅርጽም የሚናገረው አለው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ የሚባሉ ሦስት ክፍሎች ያላት ክብ ቤተ ክርስቲያን በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ይበልጥ የተስፋፋችው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩና ዛሬም የቆሙ ሕንፃዎች ምን እንደሚመስሉ ለማየት ደብረ ዳሞን ወይም በላስታ ዋሻ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን ማየት ይበቃል። አራት ማዕዘን ናቸው፤ ግድግዳቸው ድንጋይና አግዳሚ ግንድ በየተራ የተነባበረበት ነው፤ በደብረ ዳሞ ደግሞ ከግንዶቹ ጋር የተያያዙት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል፤ እነዚህን «የዝንጀሮ ራስ» ይሏቸዋል። ስለዚህ የእናንተ ክብ ግድግዳ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው። ሆኖም መቅደሱን ለብቻው ይዩት። ክብ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ የምታድግ ናት፤ የውጩ ቀለበት ሁለትና ሦስት ጊዜ ፈርሶ ሲሠራ አራት ማዕዘኑ መቅደስ ሳይነካ ይቀራል። በመቅደሱና በውጩ ግድግዳ መካከል የድንጋዩ ዓይነት፣ የአጠራረቡና የማያያዣው ጭቃ ልዩነት ካለ፣ የበሩና የመስኮቱ መቃኖች ሌላ ቅርጽ ካላቸው፣ ሁለት ዘመን እያዩ ነው።

ወደ ላቦራቶሪ ከመሄድ በፊት ዕቃ ቤቱን ይክፈቱ፤ ይኸውም በገበዙና በአስተዳዳሪው ፈቃድና በፊታቸው። አባቶቻችን ርስትና ጉልት፣ የስጦታ ዕቃና የክርክር ውሳኔ የሚጽፉት በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ነበር፤ ወንጌል የማይጣልና የማይሸጥ መጽሐፍ ስለሆነ መዝገብ ቤታቸው እሱ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እ.ኤ.አ. ወደ 1280 ገደማ የተጻፈ መሆኑ የታወቀው በውስጡ ከሰፈረው ማስታወሻ ነው። የእናንተም ወንጌል፣ ስንክሳርና ተአምረ ማርያም መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የንጉሥና የጳጳስ ስም፣ «ዘአጽሐፎ» ብሎ የሚጀምር መስመር ወይም የመሬት ድንበር ዝርዝር ካለ፣ ያ አንድ ገጽ ከማንኛውም ምርመራ የበለጠ ይነግራችኋል። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። በጥንታዊ ጽሑፍ ያለ «ዓመተ ምሕረት» በየ532 ዓመቱ በሚዞር ቀመር የተቆጠረ ሊሆን ስለሚችል እንደ ዛሬው አቆጣጠር አድርጎ ማንበብ በመቶዎች ዓመታት ያሳስታል። ደግሞም የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ብዙ ነው፤ የተፋቀውን ማየት የሚችል የብራና ባለሙያ ይፈልጉ።

አሜሪካ ስለሚኖሩ አንድ ቅርብ በር አለዎት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ቁጥራቸው ከ9,000 በላይ ነው፤ ቅጂያቸውም በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ሥራው ወደ ሁሉም አጥቢያ አልደረሰም። ቢሆንም የጎረቤት ደብር መዝገብ ስለ እናንተ አጥቢያ ድንበርና አለቃ የሚናገርበት ጊዜ አለ፤ መፈለጉ ምንም አያስወጣም።

ሥዕሎቹም ራሳቸው ምስክር ናቸው፤ በዘይት ቀለም እንዳይነኩ አጥብቄ የምናገረውም ለዚህ ነው። በጎንደር ዘመን ልማድ ሥዕሉን ያሣለው ሰው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፤ ከጎኑም «ተማኅፀነ» ከሚል ቃል ጋር ስሙ ይጻፋል። ያ ስም ደጃዝማች ወይም ወይዘሮ ከሆነ በታሪክ መዝገብ ሊገኝ ይችላል፤ የአገሩ ገበሬ ቢሆን ደግሞ የእናንተው ቅድመ አያት ነው። ቀለሙም ያወራል፦ ደማቅ ሰማያዊው እ.ኤ.አ. ከ1828 ገደማ ወዲህ በአውሮፓ መመረት የጀመረው ሰው ሠራሽ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ፣ ያ ክፍል ከዚያ በፊት አልተሣለም ማለት ነው። አዲስ ቀለም ከላይ ሲደረብ ጽሑፉም፣ የተደፋው ሰውም፣ ማስረጃውም አብረው ይጠፋሉ።

የራዲዮካርቦን ምርመራን በተመለከተ፣ አዎ፣ ከበሩ መቃን ወይም ከምሰሶው ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ውጭ አገር ይመረመራል። የሚነግራችሁ ግን ያ የዛፉ ክፍል የበቀለበትን ዘመን ነው፤ ሕንፃው የቆመበትን አይደለም። ከትልቅ ጥድ እምብርት የተወሰደ ናሙና ዛፉ ከተቆረጠበት በመቶና በሁለት መቶ ዓመት ሊቀድም ይችላል። ከዚህም በላይ አባቶች ከፈረሰው ቤተ ክርስቲያን የተረፈውን የወይራና የጥድ እንጨት አይጥሉም፤ ለአዲሱ ይጠቀሙበታል። ውጤቱ «15ኛው ክፍለ ዘመን» ብሎ ቢመጣ እንኳ የአሮጌው ደብር እንጨት በአዲሱ ግድግዳ ውስጥ አለ ከማለት አያልፍም፤ ይህም ቢሆን ትልቅ ዜና ነው። ግን አሁን ባላችሁ ገንዘብ የመጀመሪያ ወጪ አታድርጉት። በመንግሥት ዘንድ ለመመዝገብም የዕድሜ ምስክር ወረቀት አያስፈልግም፤ ቅርስነት የሚለካው በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በታሪካዊና በጥበባዊ ዋጋ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የ200 ዓመት ብትሆን ከ500 ዓመቷ ያነሰ ጥበቃ አይገባትም።

«ታቦቱ እስካለ ምን ይጎድላል?» ላሉት፣ በሃይማኖቱ በኩል ልክ ነዎት፤ ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርጋት ታቦቱና ቅዳሴው ነው። የሚጎድለው ሌላ ነው። የአስመራዋ አሮጌ ማርያም ድንጋይና እንጨት በየተራ የተነባበረባት፣ ዘመን ያለፈ አሠራር የያዘች ነበረች፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈርሳ በቦታዋ አዲስ ተሠራ። ዛሬ ምን ትመስል እንደነበር በዝርዝር የምናውቀው በዋናነት እ.ኤ.አ. በ1906 የመጣው የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን ለክቶና ሥሎ ስላስቀራት ነው። ያ ቡድን በዚያ ባያልፍ ኖሮ አብዛኛው አሠራሯ ከእኛ ዕውቀት ይጠፋ ነበር። የእናንተን ማርያም የለካ ቡድን የለም። ግድግዳውን እንዴት እንዳነጹ፣ ወጋግራውን፣ ማለትም ጣራውን የሚሸከሙትን እንጨቶች፣ በምን እንዳሰሩ፣ ኖራውን ከየት እንዳመጡ የሚናገር መጽሐፍም አልተጻፈም፤ ዕውቀቱ ያለው በግድግዳው ውስጥ ነው። ስትፈርስ ያ ሁሉ በአንድ ሳምንት የድንጋይ ክምር ይሆናል።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካ ሦስት ነገር ይለወጣል። የሣር ክዳን ወፍራምና ከግድግዳው ርቆ የሚወጣ ነበር፤ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል አጭር ይቆረጣል፤ ጠብታው ከግድግዳው ሥር ይወድቅና ጭቃውን ይበላል። ሁለተኛ፣ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የምእመኑ ትንፋሽና የጧፉ ሙቀት ከሥሩ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። «ጣራው ያፈሳል» ከሚባለው ከፊሉ ዝናብ ሳይሆን ይህ ላብ ነው፤ ዝናብ በሌለበት ጠዋት ሥዕሉ ረጥቦ ካገኙት ምክንያቱ ይኸው ነው። ሦስተኛ፣ ጣራው ሲቀየር የድሮዎቹ ወጋግራዎች ወጥተው በባሕር ዛፍ አጣና ከተተኩና ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት ካልተመለሰ፣ ጣራው ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ከአናቱ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ የሚወርድ ስንጥቅ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከታች የሚጀምር ስንጥቅ ግን ከመሠረቱ ነው፤ መረሬ አፈር ላይ ከሆናችሁና ባሕር ዛፍ በቅርብ ከተተከለ፣ ሥሩ በበጋ አፈሩን አድርቆ ያኮማትረዋል፣ በክረምት ያብጣል። በግቢው ያሉትን አገር በቀል ጥድና ወይራ ማንም እንዳይነካቸው፤ ለግድግዳው የተጠጋው ባሕር ዛፍ ግን ይቆረጥ፤ ጉቶውና ሥሩ ሳይነቀል በዚያው ይቅር።

ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሰፋ ነው የሚለውን ሳያውቁ መጠገን ገንዘብ መጣል ነው። በስንጥቁ ላይ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በሁለት ጫፉ በጀሶ አጣብቁ፤ ቀኑንም ከጎኑ ጻፉ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎ ካልተሰበረ ግድግዳው ረግቷል፤ በራሱ ዓይነት ድንጋይ፣ ጭቃና ጭድ ይሞላል። ከተሰበረ የመዋቅር መሐንዲስ ይምጣ፤ በቅርስ ሕንፃ ላይ የሠራ ይሁን እንጂ ብሎኬት ብቻ የሚያውቅ አይሁን። በምንም ምክንያት ግን ሲሚንቶ አትለስኑ። ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ ይጠብቃል የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን ብዙ ግድግዳ አበላሽቷል። የጭቃ ግድግዳ የጠጣውን ውኃ በልስኑ በኩል መልሶ መተንፈስ አለበት፤ ሲሚንቶ ሲደፈንበት ውኃው ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይሟሟል፣ ልስኑ አንድ ቀን ከነድንጋዩ ይወርዳል። ልስን ካስፈለገ ጭቃ በጭድ ወይም ኖራ ይሁን።

ሥዕሎቹን በተመለከተ «ተላቀው ተንጠልጥለዋል» ማለትዎ አንድ ነገር ይነግረኛል። በቀጥታ ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ይፈረፈራል እንጂ አይንጠለጠልም። የእናንተ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ በጣና ገዳማትና በጎንደር አካባቢ ክብ አብያተ ክርስቲያናት የተለመደ አሠራር ነው። ሙጫው በርጥበት ስለሚለቅ ሠዓሊው የፈለገውን ያህል ቢያድስ ጣራው ካልተስተካከለ ተመልሶ ይወድቃል። መልካሙ ዜና ደግሞ ጨርቁ እስካልተቀደደ ድረስ ባለሙያ መልሶ ሊያጣብቀው መቻሉ ነው። እስከዚያው በሚስማር አትምቱት፣ በርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፣ ቫርኒሽ አትቀቡት። የወደቀውን ክፍል አትጠቅልሉት፤ ሥዕሉ ወደ ላይ ሆኖ በንጹሕ አቡጀዲ መካከል በዝርግ ጣውላ ላይ አስቀምጡትና ከየት እንደወደቀ ጻፉበት። ሠዓሊው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ለአዲስ ሥዕል ሌላ ቦታ ስጡት።

አጥቢያው በዝቶ ቦታ ጠበበን የሚለው ምክንያት እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን ማፍረስ አይደለም። በአክሱም የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ትልቋ ጽዮን የተሠራችው አሮጌዋን ሳይነኩ ከአጠገቧ ነው። እናንተም ከመቃብሩና ከዛፎቹ ርቆ በግቢው ጠርዝ አዲስ ሕንፃ ማነጽ ትችላላችሁ። ነገር ግን ቅዳሴው ጨርሶ ወደ አዲሱ ከሄደ አሮጌዋ በጥቂት ዓመት የሌሊት ወፍ ቤት ትሆናለች። ቢያንስ በዓመታዊው ንግሥና በተወሰኑ በዓላት በአሮጌዋ እንዲቀደስ ሰበካ ጉባኤውና ካህናቱ አስቀድመው ይወስኑ። የምትፈልጉት በዝናብና በፀሐይ የሚጠለሉበት ቦታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሰፊ አዳራሽ ይበቃል፤ ወጪውም ያንሳል።

ፈቃድን አትዝለሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። መንገዱ ከሰበካ ጉባኤው ወደ ወረዳ ቤተ ክህነቱና ሀገረ ስብከቱ፣ በሌላ በኩል ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም የፍርስራሹን ጉዳይ ከማስረዳት የጥገናውን ፈቃድ መጠበቅ ይሻላል። ገንዘቡን ያሰባሰባችሁት እናንተ ብትሆኑም ውሳኔው የአጥቢያው ነው፤ የእናንተ ድርሻ ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል እንደሚወጣ ከመነሻው በጽሑፍ መስማማት ነው።

ፎቶግራፍ የሁሉም መጀመሪያ ይሁን። በቅድስት ቆሞ የሚታየውን የመቅደስ ውጫዊ ግድግዳ ሁሉ፣ እያንዳንዱን ሥዕል ከነጽሑፉ፣ ጣራውን ከውስጥ፣ ስንጥቁን ከመለኪያ ጋር አንሡ፤ ወደ መቅደስ መግባት የሚገባው ካህን ወይም ዲያቆን ስለሆነ ካሜራ መያዝ የሚችል ዲያቆን አሠልጥኑ። ፎቶዎቹን ግን ከነቦታው ስም በማኅበራዊ ሚዲያ አታሠራጩ። የላሊበላው የወርቅ መስቀል፣ አፍሮ አይገባ፣ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ከዓመታት በኋላ ከቤልጅየም ነው የተመለሰው፤ የአንዲት ገጠር ደብር መስቀልና ወንጌል ቢሰረቅ የሚፈልገው የለም። ቅጂዎቹ በሀገረ ስብከቱ፣ በአጥቢያውና በእናንተ ማኅበር ይቀመጡ።

ስለዚህ ምክሬ የማያወላውል ነው። የብሎኬቱን ዕቅድ ዛሬ አቁሙ፣ የዘይት ቀለሙንም ሰርዙ። ፎቶውና ልኬቱ በዚህ በጋ ይጠናቀቅ፤ የፈቃድ ደብዳቤውም አብሮ ይግባ። ፈቃዱ እንደተገኘ የመጀመሪያው ብር ለጣራው ይዋል፦ ወጋግራውና ቀለበቱ ይጠገን፣ ከቆርቆሮው ሥር አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ትቶ የሸምበቆ ወይም የቀርከሃ ንጣፍ ይግባ፣ ጠርዙም ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ ተኩል ይውጣ። ሣር የሚያመጣና በየጊዜው የሚያድስ ሕዝብ ካላችሁ ሣሩ ይበልጣል፤ ከሌለ በዚህ መልክ የተስተካከለ ቆርቆሮ አያሳፍርም። ቀጥሎ በዙሪያው ውኃውን ከግድግዳው የሚያርቅ ቦይ ይቆፈር፤ ጥልቀቱ ከመሠረቱ እንዳይወርድ፣ አፈሩም ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይደረግ፤ በቁፋሮ መካከል የአሮጌ መሠረት ድንጋይ፣ ሸክላ ወይም አጥንት ቢገኝ ሥራው በዚያው ቆሞ ባለሙያ ይጠራ። የዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ደብር ምናልባት እዚያው ከእግራችሁ ሥር ነው። ግድግዳውና ሥዕሉ አንድ ሙሉ ክረምት በደረቅ ጣራ ሥር ካሳለፉ በኋላ ብቻ ወደ ስንጥቁና ወደ ሥዕሉ ባለሙያ እለፉ።